ከመሰላሉ በስንተኛው ደረጃ ላይ ነን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ባለፈው ዓመት የጥምቀት በዓል ሊደርስ አንድ ወር ያህል ሲቀረው በጉባኤያችን አንድ ነገር ወስነን ነበር። ለበዓሉ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት እንልበስ፤ በደረቱ የደብራችን ስም፥ በጀርባው መስቀል ይታተምበት፤ ለዚሁም እያንዳንዳችን 600 ብር እናዋጣ ተባባልን። የሚስማማ እጁን ያውጣ ሲባል ሁላችንም አወጣን። አንድ ወንድማችንም አብሮን አውጥቷል፤ ከጎኑ ተቀምጠን ስለ ነበር አይተነዋል። ስሙን አንጽፍም፤ የምታውቁትም በልባችሁ ያዙት።

ይህ ወንድማችን ከበሮ መቺያችን ነበር። ከዚያ ጉባኤ በኋላ ባለው ሳምንት ከመዝሙር ጥናት ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። እኛም እንደ ልማዳችን «ቀዝቅዟል» አልን። «ዓለም ወስዳው ይሆናል» ያልንም ነበርን። በጸሎታችን መጨረሻ ስሙን ጠርተን «አምላክ ይመልሰው» አልንለት፤ ነገር ግን ቤቱ ከቤተ ክርስቲያናችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ሳለ አንዳችንም ሄደን በሩን አላንኳኳንም። ጥምቀትም መጣ፤ አዲሱን ቲሸርት ለብሰን፥ ታቦቱን አጅበን፥ በሌላ ልጅ ከበሮ ዘመርን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን።

እውነቱን ያወቅነው በዐቢይ ጾም፥ እናቱን በአንድ ልቅሶ ቤት ባገኘናቸው ጊዜ ነው። እሳቸው እንጀራ ጋግረው ለየሱቁ በማስረከብ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ እናት ናቸው። ከአጠገባቸው ተቀምጠን «ልጅዎ ምነው ቀዘቀዘብን?» ብንላቸው፥ ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፥ እሱ እኮ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ያደርሳል፤ እናንተ ስትመጡ ነው የሚወጣው» አሉን። ቀጥለውም «መቶ ሁለት መቶ ቢሆን እኔም አላጣም ነበር። የጤፉን ዋጋ ስለሚያውቅ ስጪኝ ብሎ አልጠየቀኝም» አሉ። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ከዚህ ልቅሶ ቤት የተነሣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቂቶቻችን እየተሰበሰብን፥ ስለ ወጣቶች የኑሮ ደስታና ጭንቀት፥ እንዲሁም ሰው ለምን እንደሚገዛና ስለሚገዛው ነገር ምን እንደሚሰማው የተጠኑ ጥናቶችን ስናነብ ሰንብተናል። «ቅዱስ መጽሐፍ እያለ የተመራማሪ መጠይቅ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለን አይጠፋም። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ሄደህ ተማር ብሎ ከላከው (ምሳ. 6፥6)፥ እኛም ወደ ተመራማሪዎች ብንላክ የሚያሳፍር አይመስለንም።

በመጀመሪያ ያገኘነው ነገር መሰላል ነው። ሐድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎችን የጠየቀበትን አንድ ቀላል ዘዴ አሳይቷል። ለሰውየው የመሰላል ሥዕል ይሰጠዋል፤ ከላይ ያለው ደረጃ ለአንተ ሊኖር የሚችለው እጅግ መልካሙ ኑሮ ነው፥ ከታች ያለው እጅግ ክፉው ነው፤ ዛሬ አንተ የቆምከው በስንተኛው ላይ ነው? ይባላል። ይኸው መሰላል በአገራችንም ተጠይቋል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፥ በሕንድ፥ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። ከእነዚህ ውስጥ 3,000ው ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፥ አዲስ አበባን ጨምሮ ከ20 ስፍራዎች የተመረጡ ናቸው። ባለ ዘጠኝ ደረጃ መሰላል እያሳዩ ጠይቀዋቸዋል።

ከመሰላሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በዚያው ጥናት ልጆቹ ስለ ክብርና ስለ ኀፍረት የተጠየቁት ነው። በልብስህ ታፍራለህን? ለትምህርት የሚያስፈልግህ ደብተርና እርሳስ ባለመኖሩ ትሸማቀቃለህን? ወላጆችህ በሚሠሩት ሥራ ትኮራለህን? ትክክለኛውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በመልበስህ ትኮራለህን? የሚሉ ናቸው። ዩኒፎርም! ተመራማሪዎቹ የልጅን ደኅንነት ለማወቅ ሲነሡ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ እኛ በአንድ እጅ ማውጣት የወሰንነው ነገር ሆኖ አገኘነው። ድህነት ማለት የሆድ ባዶነት ብቻ እንዳልሆነ፥ በሰው ፊት ለመቆም አለመቻልም እንደ ሆነ የገባቸው ሰዎች ናቸው መጠይቁን ያዘጋጁት።

እኛም ይህን ካነበብን በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሰላል ሣልን። እያንዳንዱ ስሙን ሳይጽፍ የቆመበትን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት እንዲጽፍ አደረግን። ቁጥሮቹን እዚህ አንዘረዝርም፤ ጥናት አይደለምና። ነገር ግን ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ «ይህን ቁጥር ስትጽፉ ማን ትዝ አላችሁ?» ብለን ጠየቅን። አንዷ እኅታችን አብራት ተምራ አሁን ዱባይ ያለችው ጓደኛዋ ትዝ እንዳለቻት ተናገረች። አንዱ በቂሊንጦ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የገባውን የአጎቱን ልጅ አስቧል። አንዱ በስልኩ ያያቸውን ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸውን ሰዎች። የዛሬ ዓመት ራሱ የነበረበትን ያሰበ አልተገኘም፤ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ተቀምጠው ምጽዋት የሚለምኑትን እናት ያሰበም አልተገኘም። ሁላችን ወደ ላይ ብቻ ነበር ያየነው።

ይህንንም ሊቃውንቱ አስቀድመው ያዩት ነገር ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 እንደ ጻፈው፥ ሰው ራሱን የሚለካበት ሌላ መለኪያ ሲያጣ ከሌላ ሰው ጋር እየተያየ ይለካል፤ ይልቁንም በአቅም ከሚመስለው ሰው ጋር። ከዚህም የተነሣ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ብዙም አያስቀናንም፤ የጎረቤት ሶፋ ግን እንቅልፍ ይነሣናል። ሪቻርድ ኢስተርሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፥ በአንድ አገር ውስጥ ሀብታሞቹ ከድኾቹ ይልቅ ደስተኞች ነን ቢሉም የአገሩ ጠቅላላ ሀብት ሲያድግ የሕዝቡ ደስታ በዚያው ልክ እንደማያድግ አመለከተ። በዚህ ላይ ኢኮኖሚስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። መራቡ ግን ቀልድ አይደለም፤ የሚበላው ያጣውን ሰው «ገንዘብ ደስታ አይሰጥም» ብለን የምንመክር ከሆነ ያዕቆብ በመልእክቱ የነቀፋቸውን ሰዎች ሆነናል (ያዕ. 2፥15-16)።

ሁሉ ነገር የነበረው ሆኖ በጎረቤት ነገር የታመመውን ሰው ለማየት ግን የአክዓብን ታሪክ ማንበብ ነው (1ኛ ነገ. 21)። ንጉሥ ነበር፤ ቤተ መንግሥት ነበረው፤ ምድሪቱም የእርሱ ነበረች። ነገር ግን የናቡቴን አንዲት የወይን ቦታ ስላጣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ፊቱን አዞረ፥ እህልም አልቀምስም አለ። ይህን ክፍል ስናነብ ሣቅን፤ ሕፃን ልጅ ይመስላልና። ከዚያ በኋላ አንዱ ወንድማችን «እኔም እኮ ስልኬ አሮጌ ነው ብዬ ሠርግ ቀርቼ አውቃለሁ» አለና ሣቁ ቆመ። በአክዓብ ቤት ነገሩ በመኝታ አላበቃም፤ ኤልዛቤል ገባችበት፥ ሐሰተኛ ምስክር ቆመ፥ ናቡቴም በድንጋይ ተወገረ።

በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅና በሌሎች ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ አባቶቻችን ሲያወጉ፥ የሠፈሩ ሰው ደመወዙን በተቀራረበ ቀን ይቀበል፥ ከአንድ ገበያ ይገዛ፥ በአንድ ዕድር ድንኳን ይቀመጥ እንደ ነበር ይነግሩናል። ድሮ ሁሉ ደኅና ነበር አንልም፤ እነሱም በጫማና በካፖርት ይተያዩ እንደ ነበር ሲስቁ ሰምተናቸዋል። ልዩነቱ የሚተያዩት ከመቶ ከሁለት መቶ ቤት ጋር ነበር። እኛ ዛሬ ከቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ለመያዝ በተሰለፍንበት ስልካችንን ከፍተን የዓለምን ሁሉ ሳሎን እናያለን፤ ያውም ከሳሎኑ የተመረጠውን ማዕዘን። ቀድሞ ለመበደር የሰው ደጅ ይጠና ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የሞባይል ብድር ከተጀመረ ወዲህ ግን ማንም ሳያየን በጥቂት ቁልፍ ልንበደር እንችላለን። ለነጋዴና ለችግረኛ መልካም ነገር ነው። ከእኛ መካከል ግን ያንን የቲሸርት 600 ብር በዚህ መንገድ ተበድሮ ያዋጣ እንደ ነበር ኋላ ሰምተናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ልብስና ጫማ የቱን ያህል እንደ ተሰቀለ ለእናንተ መንገር አያሻም።

የተማሪዎቻችን ጭንቀት ከዚህ ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱና ዘጠና ሰባቱ ስማቸው «ያላለፈ» ሆኖ ወደ ቤት ተመለሰ ማለት ነው። በሌላው ጊዜ አለማለፍ የአንድ ልጅ ኀዘን ነበር፤ በእነዚህ ዓመታት ግን ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሰነፍ ነው ለማለት የሚደፍር ካለ ይምጣ። እኛ ግን ምን አደረግን? ልጁ እሑድ ሲመጣ በበሩ ላይ ቆመን «ስንት አመጣህ?» አልነው። ያ ከበሮ መቺ ወንድማችንም ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቀን ሥራ ሲሚንቶ ያወርድ ጀመር። አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ጥያቄ ሲያልፍ ኖሮ፥ በላዩ ላይ ቲሸርቱ መጣበት።

አሁን ስለ አንድ ሌላ ጥናት እንንገራችሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን ይህ ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ሲሆን፥ የተጠኑት ሰዎች ማን ነበሩ ቢሉ በአሜሪካ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚማሩ 40 ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዶ አጭር ንግግር እንዲያደርግ ታዘዘ። እኩሌቶቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ እንዲናገሩ ተነገራቸው (ሉቃ. 10፥30-37)፤ እኩሌቶቹ ስለ ሥራ ጉዳይ። ከዚያም ለአንዳንዱ «ጊዜ አለህ፥ ቀስ ብለህ ሂድ» ተባለ፤ ለአንዳንዱ «ይጠብቁሃል»፤ ለሌላው «ዘግይተሃል፥ ቶሎ በል» ተባለ። በመንገዱ ዳር፥ በአንድ በር ላይ፥ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል። ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን አያውቁም።

ጊዜ ካላቸው መካከል 63 ከመቶ ረዱት። ከመካከለኞቹ 45 ከመቶ። ከቸኮሉት ግን የረዱት 10 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመስበክ የሚሄደውና ስለ ሌላ ነገር ለመናገር የሚሄደው እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። እንዲያውም የሳምራዊውን ስብከት በአፉ እያብላላ፥ ሰውየውን ተራምዶት ያለፈ ነበረ።

ይህን ባነበብን ቀን በክፍላችን ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሌዋዊውና ካህኑ ለምን እንዳለፉ ቅዱስ ወንጌል አይነግረንም፤ ክፉዎች ስለ ነበሩ ነው እያልን ነበር ስንማረው የኖርነው። ምናልባት አገልግሎት ረፍዶባቸው ይሆን? እኛም በዚያ በታኅሣሥ ወር ክፉዎች አልነበርንም። የመዝሙር ጥናት ነበረን፤ ሰንደቅ ማሰፋት ነበረን፤ ቲሸርቱን ከአታሚው ማምጣት ነበረን። ጠዋት ኪዳን አድርሶ በሚወጣው ወንድማችን ጎን እየተቻኮልን እንገባ ነበር።

ሌላው ያነበብነው ስለ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ በቫንኩቨር በተደረገ ጥናት 46 ሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጣቸው። እኩሌቶቹ ለራሳቸው፥ እኩሌቶቹ ለሌላ ሰው እስከ ማታ እንዲያወጡት ታዘዙ። ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ያወጡት የበለጠ ደስ ብሏቸው ተገኙ፤ ገንዘቡ 5 ይሁን 20 ግን ለውጥ አላመጣም። ሰዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው የሚል ጥርጥር ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ2020 ከ700 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ተመሳሳይ ጥናት ታትሞ ያንኑ አጸና። በኡጋንዳም ተጠንቶ ወደዚያው ያመለክታል። መልካም ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ከተመራማሪዎቹ ጋር ጥቂት እንለያያለን። ለወንድማችን ሄደን የምናደርገው ነገር ደስ እንዲለን ከሆነ፥ እሱን የደስታችን መሣሪያ አደረግነው ማለት ነው። ደስታው ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣም ሄዶ በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም።

በመጨረሻ በጉባኤያችን የተነሣውን ክርክር እንጻፍ። ጉዳዩን ባቀረብን ጊዜ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «እኩል መዋጣቱ ምን ጥፋት አለበት? በኦሪት ባለጠጋውም ድኻውም ሳይጨምርና ሳያጐድል እኩል ግማሽ ሰቅል ይስጥ ተብሎ የለምን?» አለ (ዘጸ. 30፥15)። በእውነት መልካም ጥያቄ ነበር፤ ሁለት ሳምንት አከራከረን። ኦሪትን ወደ ፊት ስንገልጥ ግን ሌላም ሥርዓት አገኘን። ስለ ኃጢአቱ በግ ማምጣት ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ያምጣ፤ ያንንም ያልቻለ ጥቂት ዱቄት ያምጣ ይላል (ዘሌ. 5፥7-11)። ዱቄት! በመሠዊያው ፊት ማንም በማጣቱ ምክንያት ወደ ኋላ እንዳይቀር በሩ እስከ ዱቄት ድረስ ዝቅ ብሏል። ከወለደች በኋላ የምታቀርበውም መሥዋዕት በግ ሆኖ፥ ለማትችል ግን ሁለት ወፎች እንዲበቁ ታዟል (ዘሌ. 12፥8)። እንግዲህ የሉቃስን ወንጌል አስታውሱ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ ምን ያህል አቀረበች? የድኾቹን መሥዋዕት፥ ሁለቱን ወፎች ነው (ሉቃ. 2፥24)። በበጉ ብቻ ግቡ ተብሎ ቢሆን ኖሮ የዓለም መድኃኒት በበሩ ላይ በቆመ ነበር።

ጌታም በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ያችን መበለት ባያት ጊዜ (ማር. 12፥41-44) የሰጠችውን ሳይሆን በእጅዋ የቀረውን ቈጠረ፤ ምንም አልቀረም ነበር። እኛ ግን 600 ብር ለሁሉ 600 ብር ነው ብለን ነበር። ለአንዱ የሁለት ቀን ማኪያቶ፥ ለአንዱ የእናቱ ጤፍ።

ክርክሩ ካለቀ በኋላ በድምፅ ሳይሆን በአንድ ልብ የሚከተለውን ወስነናል። ለሚመጣው ጥምቀት ቲሸርት አይታተምም፤ ነጠላ ያለው ነጠላውን ለብሶ ይመጣል፥ ሁለት ያለው አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክባል፥ ማን እንዳመጣና ማን እንደ ወሰደ አይጻፍም። ለማናቸውም ነገር መዋጮ ሲያስፈልግ እጅ አውጡ አይባልም፤ የታሸገ ሣጥን ይዞራል፥ የሌለውም ባዶ እጁን ጨብጦ ይከተዋል። ሁለቱን እሑድ ተከታትሎ የቀረ ሰው ሲኖር ስሙ በጸሎት ከመጠራቱ በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሄዳሉ። ይህ የመጨረሻው ሲነገር አንዳንዶቻችን አንገታችንን ደፋን።

ወንድማችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከበሮውን አሁንም ሌላ ልጅ ይመታዋል፤ እየለመደ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእኛ ሦስት ሰዎች ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ስለ ከበሮም ሆነ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት አናነሣም፤ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው። እናቱ እንጀራውን አስረክበው የሚመለሱት ረፈድ ብሎ ስለ ሆነ ከአምስት ሰዓት በኋላ ኑ ብለውናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።